ስለ ሥዕል ጀግኖችና ስለ ሠዓሊዎቻቸው

በራዲዮ የተነገረ



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ለብዙዎቻችሁ የልጆች ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥና ደብዳቤ ሲያረቅ የዋለ ሰው፣ ካባ ለብሶ በሰማይ ስለሚበር የወረቀት ጀግና ምን አገባኝ ቢል አንፈርድበትም። ነገሩን ቀርቦ ለተመለከተው ግን ከጨዋታው በስተኋላ የሥራ፣ የስምና የዋጋ ታሪክ ይገኝበታል፤ ይህም ለደመወዝተኛ ሰው ባዕድ ጉዳይ አይደለም።

ፈረንጆች ኮሚክ ብለው የሚጠሩት መጽሐፍ ታሪኩን በተርታ በተደረደሩ ሥዕሎች የሚተርክ ነው። ንግግሩ ከባለታሪኩ አፍ እንደ አረፋ በሚወጣ ክብ ውስጥ ይጻፋል፤ ጊዜውንና ቦታውን የሚያስታውቀው ቃል በሥዕሉ ራስጌ ይሰፍራል፤ አንባቢውም ከሥዕል ወደ ሥዕል ሲሻገር በመካከል የጎደለውን በአሳቡ ይሞላል። ከእነዚህ መጻሕፍት ባለታሪኮች መካከል ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያላቸው፣ ልብሳቸው ከሌላው ሰው የተለየ፣ ለደካማው የሚቆሙ፣ ልዕለ ጀግኖች የሚባሉት ዓለምን ከዳር እስከ ዳር አዳርሰዋል። የከተማችን ሕፃን ሱፐርማንን በደረቱ ምልክት ለይቶ በስሙ ይጠራዋል። መጀመሪያ የሣለው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ሕፃኑ ቀርቶ አባቱም መልስ ያጣል። ጀግናው ይታወቃል፤ የሣለው እጅ ይረሳል። የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው።

ነገሩ የባሕር ማዶ ነገር ብቻ ስላይደለ አስቀድመን ከቅርባችን፣ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ እንነሣለን። የአገራችንን ዓመታት በአገራችን፣ የውጭውን አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን።

ቂርቆስ የሚባለው የከተማችን ክፍል ስሙን የወረሰው ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገድሉ እንደሚነግረን ቅዱስ ቂርቆስ በመከራው ጊዜ የ3 ዓመት ሕፃን ነበር። ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው በዓል፣ ሕፃኑና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በሚፈላ ጋን ውስጥ በተጣሉ ጊዜ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እሳቱን ያበረደበት መታሰቢያ ነው። ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ ሲሥሉ እሳቱን ከታች ያነዱታል፤ ሕፃኑንና እናቱን በጋኑ ውስጥ አቁመው፣ መልአኩን ክንፉን ዘርግቶ ከላይ ያደርጉታል። ማንም ሰው፣ ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን፣ ከግድግዳው ፊት ሲቆም ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚሆን ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቅዱሳንን ከወረቀት ጀግኖች ጋር ልናወዳድር አልተነሣንም፤ ያኛው እምነት ነው፣ ይህኛው ልብ ወለድ ነው። የምናነጻጽረው የሠዓሊውን ዘዴ ነው፤ እርሱም በእውነት የሚያስደንቅ ተመሳሳይነት አለው።

መጀመሪያ ምልክቱን እንመልከት። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ስድስት ክንፍ አውጥተው በአንድ እግራቸው ቆመው የሚጸልዩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ጠጉራቸው ሰውነታቸውን ሸፍኖት አንበሶችና ነብሮች የከበቡአቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። በዘንዶ ተይዘው ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የሚወጡት አቡነ አረጋዊ፣ በአንበሳ ላይ የተቀመጡት አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ ናቸው። ሠዓሊው ፊታቸውን እንደ ፎቶግራፍ ለይቶ ለማሳየት አይደክምም፤ ምልክቱ ይበቃዋል። በአሜሪካ በርካሽ ወረቀት ላይ በጥቂት ቀለም መጽሐፍ ያትሙ የነበሩ ሰዎችም የደረሱበት መላ ይኸው ነው። ማተሚያው ረቂቅ ቀለም አያወጣም ነበርና ጀግናውን ሰማያዊና ቀይ አለበሱት፤ በደረቱ ላይ ምልክት ለጠፉበት፤ ሥዕሉ የጥፍር ያህል ቢያንስ እንኳ አንባቢው አይስተውም።

ሁለተኛው ዓይን ነው። በአሮጌው ሥዕላችን ደንብ ጻድቅ የሆነ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ የሆነው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህ ደንብ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ እስከ ጦር ሜዳ ደርሶአል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የእኛ ወገን በሁለት ዓይኑ ሲመለከት የጠላት ወታደር በአንድ ዓይን ተሥሎአል፤ ከሁሉም በላይ በሰማዩ መካከል ዕለቱ በዓሉ የነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ይታያል። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ማን ከማን እንደ ተዋጋ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው የሥራው አከፋፈል ነው። ትልቁ ሠዓሊ ንድፉን ያወጣል፤ ደቀ መዛሙርቱ ቀለሙን ይሞላሉ፤ ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ጽሕፈቱን ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ያገባበታል። የኮሚክ መጽሐፍም እንዲሁ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በቀለም ብዕር ያጠናክራል፣ ሦስተኛው ቀለም ይቀባል፣ አራተኛው ፊደሉን ይጽፋል። በአሜሪካ ይህ አሠራር እንደ ፋብሪካ ሥራ የተፋጠነ ስለ ነበር ሠዓሊው በገጽ ሒሳብ ይከፈለው ነበር።

አሁን ስሙን እንፈልግ። በብዙ ጥንታዊ ሥዕሎቻችን ግርጌ አንድ በግንባሩ የተደፋ ሰው ይታያል፤ በአጠገቡም ስሙ ተጽፎአል። የሠዓሊው ስም እንዳይመስላችሁ። ይህ ሥዕሉን ያሠራው፣ ገንዘቡን የከፈለው ባላባት ወይም መኰንን ነው። ሠዓሊው በእግዚአብሔር ዘንድ መታወቁ በቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ትሕትናውንም እናከብራለን። ሆኖም ትሕትናው ሠዓሊውን ብቻ ይዞ ከፋዩን ለምን አልያዘውም ብሎ መጠየቅ ኃጢአት አይሆንብንም።

ከዚህ ልማድ የወጣ ግን አልጠፋም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበር። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ስሙን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሶአል። በዚያ አንድ ጽሕፈት ምክንያት የጥበብ ታሪክ መርማሪዎች ሌሎችን ያልተጻፈባቸውን ሥዕሎች ከእርሱ እጅ ወይም ከእርሱ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው እያሉ ለመለየት ችለዋል። አንድ ስም ብትጻፍ አንድ ሙሉ የሥዕል ዘመን ባለቤት አገኘ ማለት ነው።

ታሪክን በተርታ ሥዕል መተረክን ከፈረንጅ ተማርን የሚል ካለ ደግሞ የንግሥተ ሳባን ሥዕል ይመልከት። በሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፍሎ፣ በየሣጥኑ ራስጌ አጭር የአማርኛ ጽሕፈት ተጨምሮበት የሚሠራው ይህ ሥዕል በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ ለእንግዶች በብዛት ሲሸጥ ኖሮአል። አነሣሡ ራሱ የጀግና ታሪክ ነው። ዘንዶ በሕዝብ ላይ ነግሦ ከብቱን እየበላ ያስጨንቃል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ዘንዶውን ብገድልላችሁ ታነግሡኛላችሁ ወይ ይላል፤ ፍየልን መርዝ አብልቶ ለዘንዶው ያቀርባል፤ ዘንዶው ይሞታል፤ ሰውየው ይነግሣል፤ ልጁም ንግሥት ትሆናለች። ከዚያ ነጋዴው ስለ ሰሎሞን ጥበብ ያወራል፤ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፤ ቅመም የበዛበት ግብር ትበላለች፤ ሌሊት ውኃ ይጠማታል፤ የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዐይናችን ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲሄድ በመካከል የቀረውን መንገድ፣ ባሕሩንና በረሃውን እኛው እንሞላዋለን። ይህ እንግዲህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳን ሰው እንፈልጋለን።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው ከቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች አንዱ በላቸው ይመር ናቸው። የእርሳቸውን ዐይነት ዕድል ያላገኙት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ሥዕላቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች ተሰቅሎአል፤ በሥሩ ያለው ማስታወቂያ በብዙ ቦታ ‹ስሙ ያልታወቀ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ› ይላል። ገዢው የሱቁን አድራሻ ጠየቀ፤ ዋጋውን ተከራከረ፤ የሠዓሊውን ስም መጠየቅ ግን አላሰበም።

የስምና የዋጋ ነገር ከሁሉ ይልቅ በግልጽ ተመዝግቦ የሚገኘው በአሜሪካ ስለ ሆነ ጥቂት ወደዚያ እንሻገር። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከስደተኛ የአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለዱ ጓደኛሞች ነበሩ። አንደኛው ይጽፋል፣ ሁለተኛው ይሥላል። ሱፐርማንን ከጠነሰሱ በኋላ ለዓመታት ጋዜጣዎችን ደጅ ጠንተው ተመለሱ። በመጨረሻ በ1938 ዓ.ም. አንድ አሳታሚ ተቀበላቸው። የመጀመሪያው ታሪክ 13 ገጽ ነበር፤ ለአንድ ገጽ 10 ዶላር ተቈጠረላቸውና 130 ዶላር ተከፈላቸው። በዚያው ክፍያ ባለታሪኩን ከነሙሉ መብቱ ለአሳታሚው አሳልፈው የሰጡ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ፈረሙ። ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ የሥራ ማጣት ዘመን፣ 130 ዶላር ሲቀርብለት የውሉን ቃል አጣጥሞ የሚያነብ ወጣት ጥቂት ነው።

ሱፐርማን ሚሊዮን ለሚሊዮን አመጣ። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ለጊዜው በደመወዝ ሲሠሩ ቆይተው በ1947 ክስ አቀረቡ፤ በስምምነት ካለቀ በኋላ ስማቸው ከመጽሐፉ ላይ ተነሣ። ሹስተር ዐይኑ እየደከመ ሄደ፤ ለሠዓሊ ከዚህ የባሰ ምን አለ? በ1975 የሱፐርማን ፊልም እንደሚሠራ በተሰማ ጊዜ የሙያ ባልደረቦቻቸውና ጋዜጦች ተነሡላቸውና ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊቈርጥላቸው፣ ስማቸውንም ሊመልስላቸው ተስማማ። እንዲያ 10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው የመጀመሪያው እትም አንድ ቅጂ በ2024 በሐራጅ 6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶአል። 130 ዶላሩ የተከፈለበት ቼክ እንኳ ራሱ በ2012 በሐራጅ 160,000 ዶላር ተሸጦአል። ባለቤቶቹ ካገኙት ዋጋ ይልቅ የዋጋው ደረሰኝ ዋጋ በለጠ ማለት ነው።

የባትማንም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ለብዙ ዘመን የአንድ ሰው የቦብ ኬን ስም ብቻ ሲጻፍበት ኖሮ የእውነተኛው ተባባሪ ደራሲ የቢል ፊንገር ስም በይፋ የተጨመረው በ2015 ነው፤ ሰውየው በ1974 ሞቶአል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ጃክ ከርቢ ነው። ከርቢ ከጆ ሳይመን ጋር ሆኖ ካፒቴን አሜሪካ የሚባለውን ባለታሪክ ፈጠረ። በ1940 መጨረሻ በወጣው የመጀመሪያ እትም ሽፋን ላይ ጀግናው ሒትለርን መንጋጋውን ሲመታው ተሥሎአል፤ አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበር። ሠዓሊው ኋላ ራሱ ተመልምሎ በፈረንሳይ አገር ዘምቶአል። በ1966 ደግሞ ከስታን ሊ ጋር ጥቁሩ ግስላ የሚባለውን የመጀመሪያውን ታላቅ አፍሪካዊ ልዕለ ጀግና በወረቀት አቆመ። አገሩ ዋካንዳ ትባላለች፤ በአፍሪካ ምድር ያለች፣ ቅኝ ገዢ ያልረገጣት፣ የራሷ ንጉሥና የራሷ ጥበብ ያላት አገር ናት። በ2018 ፊልሙ በወጣ ጊዜ ከእኛ ወጣቶች ብዙዎቹ ይህችን አገር የምናውቃት ትመስለናለች ማለታቸው አያስደንቅም። ከርቢ ግን የሣላቸውን ገጾች እንኳ በእጁ ለማስገባት ከአሳታሚው ጋር ለዓመታት ተከራክሮ ከብዙ ሺህ ገጾች መካከል ወደ 2,000 የሚጠጉትን ብቻ አገኘ። እርሱ በ1994 ሞተ፤ ወራሾቹ ከኩባንያው ጋር የታረቁት በ2014 ነው።

ዋካንዳ በኒውዮርክ በወረቀት ላይ ከመታሰቧ 5 ዓመት በፊት፣ በእኛው ከተማ፣ ለካዛንቺስ ጎረቤት በሆነው ቦታ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የአፍሪካን ጀግንነት በመስተዋት ሥሎ ጨርሶ ነበር። አሁን ወደዚያ እንመለስ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ለእናንተ ለአድማጮቻችን የሚሆን ታሪክ አለው። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ የተቋሙ ስም ባጭሩ ኢንቺስ ይባላል። የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ካዛ ኢንቺስ ተባለ፤ ሕዝባችን አገጣጥሞ ካዛንቺስ አለው። ስለዚህ ካዛንቺስ ማለት በትርጉሙ የመንግሥት ሠራተኛ መኖሪያ ማለት ነው፤ ወራሪው ቢወጣም ስሙ ለአገሩ ሠራተኛ ተረፈ።

ከዚያው አጠገብ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚሁ አዳራሽ ተመሠረተ። መሪዎቹ ሲገቡና ሲወጡ ከፊታቸው የሚያዩት 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስተዋት ሥዕል ነበር፤ የሠራውም አፈወርቅ ተክሌ ነው።

አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለደ። በ15 ዓመቱ የማዕድን መሐንዲስነት እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ ሳለ ዝንባሌው ወደ ሥዕል ስላደላ በለንደን ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። በዚያ ዘመን አገር መሐንዲስ ስትጠብቅ ሠዓሊ ሆኖ መመለስ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ሥዕሉ በሦስት ታላላቅ መስኮቶች የተከፈለ ነው፤ አንዱ የአፍሪካን ያለፈ ሥቃይ፣ ሁለተኛው ትግሏን፣ ሦስተኛው የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። በሰንሰለት የተያዘ ሕዝብ አለ፤ ዘንዶ አለ፤ ችቦ የያዘ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታትን ምልክት የያዘ የብረት ልብስ የለበሰ ወታደር አለ። የእኛን አገር አሮጌ ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይህን ዘንዶ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። በንግሥተ ሳባ ሥዕል የመጀመሪያ ሣጥኖች ያለው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ሥር የሚጠቀለለው ያው ዘንዶ ነው፤ እዚህ ግን ስሙ ቅኝ ግዛት ሆኖአል። ሦስቱ መስኮቶችም ከሥቃይ ወደ ትግል፣ ከትግል ወደ ተስፋ በተርታ የሚነበቡ ሦስት ታላላቅ የታሪክ ሣጥኖች ናቸው። ፀሐይ በመስተዋቱ ስታልፍ የሥዕሉ ቀለም በወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ይህን ማንም የወረቀት ሠዓሊ ሊያደርገው አይችልም።

አፈወርቅ ስሙን አላስረሳም። በሕይወቱ ሳለ እጅግ የተከበረ፣ ሎሬት የተባለ፣ ቤቱንና ሥቱዲዮውን ራሱ የነደፈ፣ ስለ ሥራው ዋጋና ስለ ስሙ ክብር የማይደራደር ሰው ነበር። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ኩሩ ይሉት ነበር። እኛ ግን በግንባሩ የተደፋውን ባለገንዘብና ስሙ የጠፋውን ሠዓሊ ካስታወስን በኋላ ይህን ኩራት ለመንቀፍ አንቸኩልም። በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አረፈ፤ የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት መስተዋቶቹም ተጠግነው ሲታዩ፣ ሥራው የአፈወርቅ ተክሌ ነው መባሉ የቀረበት ሥፍራ አልነበረም።

የወረቀቱ ልዕለ ጀግና ወደ አገራችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምበር የሚባለውን ባለታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ቀጥሎም ሐዊ የምትባል ሴት ጀግና ተከተለች። የጀምበር ታሪክ የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ምን እንደ ነበረ ብነግራችሁ ፈገግ ትላላችሁ፤ ከዩኒቨርስቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ሱፐርማን ከሌላ ዓለም በመንኰራኵር መጣ፤ ባትማን ባለጸጋ ነው፤ የእኛው ጀግና ግን የትምህርት ማስረጃውን ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚጠና ነው። ከዚህ ይልቅ የአዲስ አበባ ሰው የሚሆን ጀግና ሊፈጠር አይችልም ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባው አንድ ሌላ ነገር አለ። ደራሲው ድርጅቱንም ያቋቋመው ራሱ ስለ ሆነ ባለታሪኩ በ130 ዶላር ወደ ሌላ ሰው እጅ አልሄደም። ይህ እንዲሁ በዕድል የሆነ አይደለም፤ የሲገልና የሹስተር ታሪክ በሙያው ውስጥ ላለ ሁሉ የታወቀ ትምህርት ሆኖአልና ነው።

ሁሉም ሠዓሊ ግን ድርጅት ማቋቋም አይችልም። አብዛኛው የሚኖረው በትእዛዝ ነው። የትምህርት መጽሐፍ ሥዕል፣ የጤና ማስታወቂያ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የበዓል ሰሌዳ፣ ይህ ሁሉ በመሥሪያ ቤት ይታዘዛል። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ትእዛዙን ለሚሰጠውም ለሚቀበለውም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገር ክፍል ነበረው። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት የአመንጪው የገንዘብ ጥቅም መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ሲሆን፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር፣ የገንዘብ ጥቅሙ መብት የአሠሪው ይሆናል። ይህን ቃል በጥሞና ለሰማው ሰው የ1938ቱ ወረቀት ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የሥራው አመንጪ ተብሎ በስሙ የመታወቅ መብት ግን ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ለአሠሪው ቢሄድም እርሱ ከሠዓሊው ጋር ይቀራል።

‹ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር› የሚለው ሐረግ የሚሞላው በጸሐፊ ብዕር ነው። ውሉን የሚያረቀው፣ ሥዕሉ ስንት ጊዜ ይታተም፣ በሁለተኛው እትም ለሠዓሊው ይታሰብለት ወይስ አይታሰብለት፣ ስሙ በየትኛው ገጽ ይስፈር ብሎ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ይህን ንግግር ከሚያዳምጡት አንዱም ሊሆን ይችላል። የሕትመት ክፍል ሰዎች የወረቀቱን ዐይነትና የቅጂውን ቍጥር በውሉ ውስጥ ሳይጽፉ አያልፉም። ሠዓሊውን በሚመለከት አንድ መስመር ለመጨመር ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

ጆ ሹስተር ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ ሥራው ሲናገር፣ ሱፐርማን የሚበርባትን ከተማ የሣላት በልጅነቱ በኖረባት በቶሮንቶ አምሳል መሆኑን ገልጦ ነበር። ጀግናው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዘል ሁሉም የሚያየው ጀግናውን ነው፤ ሠዓሊው ግን ከኋላው የራሱን መንደር አስቀምጦ ነበር። የእኛም ካዛንቺስ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለኮሪደር ልማት ሲባል ሰፊው ክፍሉ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ጀምበርን ወይም ሌላ ጀግና በአሮጌው ካዛንቺስ ሰማይ ላይ ማብረር የሚፈልግ ሠዓሊ እንግዲህ የቆርቆሮውን ክዳን፣ የድንጋዩን አጥርና የዛፎቹን ጥላ ከፎቶግራፍና ሰፈሩን ከሚያስታውሱ ሰዎች አፍ ለቅሞ ይሥላል።